ቀለም ያልነካው በር

ጥቅምት 3

የማርታ በር ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተደርጓል።

ከእሷ ቀጥሎ ያሉት በሮች ሁሉ ተቀብተዋል። ማዶ ያሉትም። የእኛን ዘለውታል። ጠዋት ለሥራ ስወጣ አየሁት። ምናልባት ደብዝዞ ይሆናል ብዬ በራችንን በእጄ ዳበስኩት። ዝገት ብቻ።

ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ያለው ይህ ሰፈር በሙሉ የይዞታ ካርታ የለውም። ሁላችንም ከገበሬ ገዝተን፣ ውል ተፈራርመን፣ ምስክር ቆጥረን ነው የሠራነው። እነሱ ከፈረሱ እኛም መፍረስ አለብን። የምንቀር ከሆነ ደግሞ ለምን እንደምንቀር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ግርማ ዕድል ነው አለ። ባሌ የሚያስፈራውን ነገር ሁሉ ዕድል ይለዋል።

ማርታ ልጇን አዝላ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ከሆሳዕና መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤቴ ናት። "ዶክተር፣ እናንተ ምን ዘይት ተቀብታችሁ ነው ቀለሙ ያልያዛችሁ?" አለችኝ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ጥቅምት 5፣ ከሰዓት

ዩኒቨርሲቲ፣ ቢሮዬ ነኝ። የማስተርስ አመልካቾች ምርጫ ደርሷል። አገር አቀፉን ፈተና ያለፉት የእኛን የጽሑፍ ፈተና ወስደዋል። የቀረው ቃለ መጠይቅ ነው። ሦስት መምህራን እንቀመጣለን፤ እያንዳንዳችን ከሠላሳ እንሰጣለን፤ አማካዩ ከጽሑፉና ከመጀመሪያ ዲግሪ ውጤታቸው ጋር ይደመራል። ከተማ ፕላን ለመማር ከሚያመለክተው ግማሹ የመሬት ጽ/ቤት ሠራተኛ ነው። ዲግሪው ለሹመት ይጠየቃል።

የስም ዝርዝሩን አየሁት። የማውቀው ሰው የለም። ቀለል አለኝ።

ጥቅምት 8፣ እሑድ

ኦቦ ቶሎሳ መጡ። መሬቱን የሸጡልን ሰው ናቸው። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለዋል። ሁሉም ነጭ ጋቢ፣ ሁሉም ከዘራ። እንዲህ ለብሶ የሚመጣ ሰው ልጅ ሊጠይቅ ነው። እኛ ደግሞ ሴት ልጅ የለንም።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተሎ" ብለው ሰላም አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ልጅቷ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ይግቡ አልኩ፤ ገቡ። ይቀመጡ አልኩ፤ አልተቀመጡም። ግርማ ወንበር እየጎተተ ለመናቸው። እሳቸው እንደቆሙ መመረቅ ጀመሩ። በኦሮምኛ ጀምረው ወደ አማርኛ ተሻገሩ። ቤታችሁ ይጽና። አሜን። በራችሁ አይዘጋ። አሜን። ያዘዛችሁት ይሙላላችሁ። አሜን። ምርቃት ሲወርድ አፉን የሚዘጋ ሰው የለም።

ከዚያ ተቀመጡ። ከተቀመጡ በኋላ ጉዳዩን ተናገሩ። የእህታቸው ልጅ ደረጀ ለማስተርስ አመልክቷል። መሬት ጽ/ቤት ነው የሚሠራው። ከጠያቂዎቹ አንዷ እኔ እንደሆንኩ ሰምተዋል። ከማን እንደሰሙ ጠየቅኋቸው። አገር ጠባብ ነው አሉ።

ብቻዬን አልወስንም፣ ሁሉም አመልካች እኩል ነው አልኩ። አልተቆጡም። "ምርቃቱን'ኮ ተቀብለሻል" አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ሰበታ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ጉዳዩን ይናገራል፣ እሺ ይባላል፣ ምርቃት ይከተላል። እሳቸው ከኋላ ጀመሩ። ከአሜን በኋላ እንቢ ማለት ምርቃቱን አውጥቶ መጣል ነው። ሽማግሌ የተጣለበትን ምርቃት ወደ ምን እንደሚለውጠው ከእናቴ ሰምቻለሁ። አላምንም እላለሁ። ሆዴ ግን ያምናል።

ሲወጡ ከዘራቸውን ከበሩ ላይ ኳ ኳ አደረጉ። ጥሩ በር ነው አሉ።

ጥቅምት 9

ወደ ት/ክፍሉ ኃላፊ ወደ ዶ/ር ሰሎሞን ሄድኩ። ከጠያቂነት ልውጣ፣ ከአመልካቾቹ አንዱ በዘመድ በኩል ይነካካኛል አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። "የሚያውቀው አመልካች ያለው ሁሉ ከወጣ ቃለ መጠይቁን ጥበቃዎቹ ናቸው የሚያደርጉት" አለ። ለእሱም ስለ ሌሎች አመልካቾች ሁለት ሰዎች ደውለውለታል። ስልኩን ዘግቶ ነው የተኛው።

ስለ በሩ ልነግረው ነበር። አልነገርኩትም። ብነግረው ቃሉ በማን በኩል ዞሮ ሱሉልታ እንደሚደርስ አላውቅም። ደረጀ የተባለው ሰው ቢሮዬ ድረስ ጆሮ አለው። ጠያቂ መሆኔን ያወቀው በዚያ ነው።

ጥቅምት 11

ቃለ መጠይቅ።

ደረጀን ሳየው ደነገጥኩ። ቀንድ ያለው ሰው ነበር የጠበቅሁት። ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ጫማው የተጠረገ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን። ሰሎሞን የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀው፦ ካርታ የሌለው ሰፈር ለልማት ሲፈለግ መጀመሪያ የሚሠራው ምንድን ነው?

"መጀመሪያ ቀለም ይቀባል።"

ሰሎሞን ሳቀ። ሦስተኛው ጠያቂም ሳቀ። ደረጀ ራሱም ፈገግ አለ፤ ከዚያ አስተካክሎ ስለ ካሳ ሕግ ጥቂት ተናገረ። የሕጉን ግማሽ አያውቀውም። እኔን አላየኝም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ተቀብቶ የሚቀርና ሳይቀባ የሚቀር በር በምን ይለያል ልለው ነበር። ስለ አረንጓዴ ቦታ ጠየቅሁት።

ከእሱ በኋላ ሰብለ የምትባል ቀያሽ ገባች። ከሆለታ የመጣች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ሰሎሞን ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት። መጀመሪያ የሚያድረውን ሰው እቆጥራለሁ አለች፤ ተከራይ ወረቀት ላይ አይወጣም፣ ሲፈርስ ግን መጀመሪያ ሜዳ ላይ የሚወድቀው እሱ ነው። ሰሎሞን ጻፈ።

በጽሑፉ ፈተናም በዲግሪ ውጤትም ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። የቀረው ወንበር አንድ ነው። ከሁለት አንዳቸው ይገባሉ፤ የሚለያቸው የእኛ ነጥብ ነው። አንድ የታመመ አመልካች ስላለ ውጤታችንን ከነገ ወዲያ ከሰዓት እናስረክባለን። ወረቀቴ ባዶ ነው። ለሰብለ ስንት እንደምሰጥ አውቃለሁ። ለእሱም አውቃለሁ። የከበደኝ መጻፉ ነው።

ጥቅምት 12

ማርታና ባሏ ቆርቆሮ እያወረዱ ነው። አፍራሽ ሳይመጣ ራሳቸው ካወረዱት ቆርቆሮው አይቀደድም። ምስማሩ ሲነቀል የሚያሰማው ጩኸት እስከ ቤታችን ይዘልቃል። ግርማ መስኮቱን ዘጋ።

ተጣላን። እሱ የሚለው ቀላል ነው። ልጁ ካለፈ ማንም አይሞትም፣ ሰብለ የምትይው ሰው የሚቀጥለው ዓመት ትገባለች። "ጥቂት ነጥብ ነው የጠየቁሽ እንጂ ኩላሊት አይደለም።" ይህን ቤት ስንሠራ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሟል፤ ያንን አነሳ። እውነቱን ነው።

በአንድ በኩል ሰብለን አንድ ዓመት ማዘግየት ነው፣ በሌላው በኩል ደግሞ ቤቴ። እንዲህ ሲቀመጥ ትንሽ ነገር ይመስላል። ትንሽ መምሰሉ አስፈራኝ። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠይቁኝን ደግሞ ማን ይለካዋል? ሌላ ዓመት ሌላ የእህት ልጅ ይመጣል። በሩም ሁልጊዜ እዚያው ነው።

ማስታወሻዬ፣ ላንተም ቢሆን ሁለቱን ቁጥሮች አልጻፍኩልህም። ግርማ ያነብብሃል ብዬ እፈራለሁ። ከባሌ መደበቅ ጀምሬያለሁ።

ምሽት ላይ ስልክ ተደወለ። ደረጀ ነው። ስለ ቃለ መጠይቁ አንድ ቃል አላነሳም። የሰፈሩ አንዳንድ ካርታዎች ተሠርተዋል፣ የእርስዎም ደርሷል፣ ነገ ጠዋት ሁለት ፎቶ ይዘው ቢመጡ አለ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ዘጋሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት።

ጥቅምት 13

ታክሲ ውስጥ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ይዘላል።

ጠዋት ጽ/ቤቱ ሄድኩ። ግርማ ሸሚዙን ቀይሮ አብሬሽ ልምጣ ቢል እንቢ አልኩት። ኮሪደሩ ሰው ሞልቶታል። የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፣ አቤቱታ ይዘው። ማርታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ልጁ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ሰላም ልላት ስል አንዲት ሠራተኛ በር ከፍታ በስሜ ጠራችኝ። ዶክተር፣ እርስዎ በዚህ በኩል። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ማርታ እንዳልፍ ጉልበቷን ሰበሰበች።

ውስጥ ገባሁ። አቶ ደረጀ መስክ ወጥተዋል፣ ሰላም ብለዎታል አለችኝ። ሻይ ታዘዘልኝ። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ይፈርሙ፣ እኔ ማኅተሙን ላምጣ ብላ ብዕር ሰጥታኝ ወጣች።

አነበብኩት። ስሜ ትክክል ነው። ስፋቱ ትክክል ነው። ከታች አዋሳኝ ይላል። በሰሜን፦ ክፍት ቦታ። በደቡብ፦ ክፍት ቦታ። በምሥራቅ፦ መንገድ።

በሰሜን የማርታ ቤት ነው። ማርታ በሩ ውጭ ተቀምጣለች። ልጁ ሲያስል ይሰማኛል።

ከዚህ ላይ ከፈረምኩ ክፍት ቦታ ነው ብዬ መመስከሬ ነው።

በጣም ፈራሁ። ቦርሳዬን ከፍቼ የውጤቱን ወረቀት አወጣሁ፤ በሰጠችኝ ብዕር ለሰብለ ሃያ ስድስት፣ ለእሱ አሥራ ሰባት ጻፍኩ። ከወረቀቱ ግርጌ ፈረምኩ። ብዕሩን ካርታው ላይ አስቀመጥኩ። ሁለቱን ፎቶ መልሼ ያዝኩ፤ ሻዩ ገና አልመጣም።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ ሠራተኛዋ ማኅተሙን ይዛ ከኋላዬ ደረሰች።

"ዶክተር፣ ፊርማው ቀርቷል" አለች።

አልዞርኩም። ደረጃውን ወረድኩ።