ሳይፈተሽ ያለፈ ቁጥር

ጥቅምት 4
ዛሬም ያው። የመነጽር ሌንስ መሞረጃው ሲጮህ ዋለ። በምሳ ሰዓት ቅርንጫፉ የደንበኞችን የዓይን ልክ በስልክ መስመር፣ በሞደም ሲልክልን ስልኩ አርባ ደቂቃ ተያዘ። አለቃ አጉረመረመ። የመላላኪያው ፕሮግራም እያንዳንዱን የፋይል ቁራጭ ደምሮ ያመሳክራል፤ ድምሩ ካልገጠመ እንደገና ያስልካል። ቅርንጫፍ ላይ ዓይን የሚለካው ታላቅ ወንድሜ ነው። "ይሄ ዕቃህ እንደ ደንቆሮ ሁሉን ነገር ሁለቴ ያስብለኛል" ብሎ አሳቀኝ። ሳይፈትሽ የሚያስተላልፍ ዘዴም አለ። ሞደሞቹ ራሳቸው ስህተት ያርሙ የለ? ሁለት ጊዜ መፈተሽ ለምን አስፈለገ...

ጥቅምት 5
ወደማይፈትሸው ዘዴ ቀየርኩት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ። አለቃ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገ።

ጥቅምት 19
የቅርንጫፉ ሞደም ተቃጠለ። ከመጋዘን አሮጌውን አውጥቼ ላክሁ። እሱ ስህተት ማረም አያውቅም። ፕሮግራሙን ወደ ድሮው መመለስ አለብኝ። ነገ።

ኅዳር 8
ክፉ ቀን። አንዲት ልብስ ሰፊ በአዲሱ መነጽሯ ደረጃ ስትወርድ እግሯ ስቶ ወደቀች። ቀኝ እጇ ተሰበረ። ሌንሷ የተሞረደው ሦስት ተኩል ሆኖ ነው። አለቃ እኔንም ወንድሜንም ጠራን። "አንድ ተኩል ነው የጻፍኩት" አለ ወንድም ጋሼ። ማስረጃ የለውም፤ የቅርንጫፉ ፋይል በየቀኑ በአዲስ ይተካል፣ ልኩን የጻፈበት ካርድ ከደንበኛዋ ጋር ሄዷል። "እኛ የመጣልንን ነው የምንሞርደው" አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረ? "ወንድም ጋሼ፣ ዕድሜም እኮ አለ" አልኩት... በሰው ፊት። እዚህ ሥራ ያስገባኝን ሰው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ኅዳር 10
ከመለኪያው ወንበር አነሱት። ፍሬም ሲወለውል ይውላል አሉ። አልደወልኩለትም። ምን ብዬ?

ኅዳር 15
ልብስ ሰፊዋን ልጠይቅ ሄድኩ። እጇ በጄሶ ታስሯል፤ ያላለቀ ቀሚስ ማሽኑ ላይ እንደተሰቀለ ነው። በግራ እጇ ካርዱን ፈልጋ ሰጠችኝ። "እሳቸው የጻፉልኝ ይኸውና።" አንድ ተኩል። በወንድሜ የእጅ ጽሑፍ፣ ጥርት ብሎ።
ያኔ አሮጌው ሞደም ትዝ አለኝ። ያ "ነገ" ያልኩት...
ሥራ ቦታ ተመልሼ አንድ ፋይል አሥር ጊዜ አስላክሁ። ሰባተኛው ላይ አንዱ ዜሮ አንድ ሆኖ መጣ። መስመሩ ትንሽ ሲንኮሻኮሽ ቁጥር ይለወጣል፣ የሚፈትሽ የለም። ፕሮግራሙ ሥራውን ለሞደሙ ትቷል፤ ሞደሙ ደግሞ አይችልም። እኔስ? ለወንድም ጋሼ ደውዬ "ስንት ነበር ያልከኝ?" ብለው ምን ነበረበት? ያፈርኩት በራሴ ነው።

ኅዳር 16
ለአለቃ ተናዘዝኩ። ለልብስ ሰፊዋም። "እጄ ካልዳነስ?" አለችኝ።
ከዚያ ወንድም ጋሼ ቤት። ሁሉንም ነገርኩት። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።
"ጥፋቱ ያንተ ይሆናል ብዬ አንድ ቀንም አላሰብኩም" አለ። "አንተን አምኜ ራሴን ነው የተጠራጠርኩት።"

ኅዳር 29
ፕሮግራሙ እንደገና ይፈትሻል። ስልኩ አርባ ደቂቃ ይያዛል፣ የሚያጉረመርም የለም።
ወንድም ጋሼን ወደ ወንበሩ መልሰውት ነበር። ዛሬ ሄጄ አየሁት። አንድ ሽማግሌን አራት ጊዜ ለካቸው። ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ደግሞ ይጽፋል። ወረፋው ከበር ወጥቷል። ሥራ ሲያበቃ ከእንግዲህ አልለካም ብሎ የመለኪያ ክፍሉን ቁልፍ ለአለቃ አስረከበ።
"ተው እንጂ ወንድም ጋሼ፣ አራቱም ጊዜ እኮ ያው ቁጥር ነው" አልኩት።
"አይቼዋለሁ" አለ። "አላመንኩትም።"
ቤቱ ድረስ ሸኘሁት። በመንገድ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራን።