ቫይታሚን ብዬ የተረጎምኩት

ካልጋሪ፣ እሑድ ኤፕሪል 6 ቀን 1997

ውድ ሸምሱ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን አለህ» ይባላል። ላንተ ግን ይህን እንደ ሰላምታ ልጽፈው አልቻልኩም። ጥያቄ ነው፤ መልስ እፈልግበታለሁ። መልሱ የሚገኘው ደግሞ አንዲት ነርስ ከክንድህ ትንሽ ደም ስትቀዳ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በስልክ ልለምንህ የሞከርኩት ይህንኑ ነው።

ፎርት ማክመሪ የሠራተኞች ካምፓችሁ ውስጥ ስልክ የሚያነሳው ሰውዬ አሁን ድምፄን ለይቶታል። ስሜን ሳልናገር «ሸምሱ ሺፍት ላይ ነው» ይለኛል። ጠዋት ስደውል ሺፍት፣ ከሰዓት ስደውል ሺፍት፣ እሑድም ሺፍት። እንዲህ የሚሠራ ሰው ካላቸው ሌሎቹን ለምን ቀጠሯቸው? አንድ ቀን ብቻ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ፣ ሳታስበው አንተው አነሳኸው።

«ጋሽ ጉልላት፣ ፕሊስ» አልከኝ። «ቴስት አደረግኩ አላደረግኩ ማትያስ አይመለስም።»

«ስለ ማትያስ አልጠየቅኩህም።»

«እኔ ነኝ የገደልኩት። አምጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የመጣው ይምጣ፣ ይገባኛል። ኦኬ?»

ዘጋኸው። ኦኬ አይደለም። አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ሰው «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብሎ ቢመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው በምን፣ መቼ፣ እንዴት ታወቀ የሚለውን ነው። አንተ ራስህን አንዱንም አልጠየቅክም። ፈረድክና ሄድክ። ሚስትህ ነጃት ስምንት ወሯ ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ራንድል ሰፈር ቤታችሁ ብሄድ ደጃፉ ላይ በረዶ ስትዝቅ አገኘኋትና አካፋውን ቀማኋት። «ሸምሱ ደወለ?» አልኳት። «ሥራ በዝቶበት ነው» አለችኝ። ያንተን ውሸት ያንተን ያህል በቃሏ ይዛዋለች።

የሄድክበትን ቀን አውቀዋለሁ። የማትያስ ሣልስት ነበር፣ እናቱ ቤት፣ ቴምፕል ሰፈር። የልቅሶ ቤት ወሬ መቼም ታውቀዋለህ። ወልዴ ጥግ ይዞ ይፈርዳል።

«እኔ ድሮም ብያለሁ፤ ያ መርፌ ነው የጨረሰው። ስቴሮይድ ነው።»

«ምን መርፌ ትላለህ» አለች ይርጋለም። «ይሄ ሆርሞን የሚወጉት ዶሮ ነው እንጂ። በቀን ስንት ዶሮ ነበር የሚበላው!»

«ዶሮማ ሁላችንም እንበላለን።»

«ሁላችንም አሥራ ሁለት እንቁላል ጥሬውን አንጠጣም!»

«ኧረ ቀስ በሉ፣ እናትየው ይሰማሉ» አለ ታደሰ። ወልዴም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ባያደርግ ይሻል ነበር፤ ሁሉም ጆሮውን አቀና። «ያመጣለት ሸምሱ ነው አሉ» አለ።

አንተ ሻይ በትሪ ይዘህ በሩ ላይ ቆመህ ነበር። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክ። አንድ ብርጭቆ እንኳ አልፈሰሰም። ጫማህን አድርገህ ወጣህ፤ በሳምንቱ ፎርት ማክመሪ ገባ አሉኝ።

ወልዴ አሁን ወደ እኔ ዞሯል። በማህበራችን ጋዜጣ ላይ «ስቴሮይድ ወጣቱን ቀጠፈው» ብዬ እንዳወጣ ይወተውተኛል። ለልጆቻችን ትምህርት ይሆናል ይላል። የካናዳው ሯጭ ሜዳልያውን ከተነጠቀበት ከሴኡል ኦሎምፒክ ወዲህ እዚህ አገር ስቴሮይድ የሚለውን ቃል ያልሰማ ልጅ የለም፤ ልጆቻችን እንዲፈሩት እኔም እፈልጋለሁ። ያላረጋገጥኩትን ግን በትልቅ ፊደል አላወጣም። አንዱ ስቴሮይድ ነው ሲል ሌላው ዶሮ ነው ይላል፤ አንተ እኔ ነኝ ትላለህ። ሁላችሁም እርግጠኛ ናችሁ። ሐኪሙን የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም።

ስለዚህ ጠየቅኩ። የማትያስ እናት እትዬ ሸዋዓለም ፈርመው ፈቀዱልኝና ባለፈው ማክሰኞ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ያለውን እንዳለው እጽፍልሃለሁ።

«ስቴሮይዱ ነው የገደለው?» አልኩት።

«ነው ልልህ አልችልም» አለ። «አይደለምም ልልህ አልችልም።»

ከዚያ አስረዳኝ። የማትያስ ደም ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ መገኘቱን ሆስፒታል ሳለ ሰምቼ ነበር፤ ተመርመር እያልኩ የለመንኩህም ለዚህ ነው። ቫይረሱ ብቻውን ዓመታት ቆይቶ ማትያስን የገደለውን ዓይነት የጉበት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞት ሳያውቀው የኖረ ሰው ብዙ ነው፤ እኛ አገርም ጥቂት አይደለም። በሌላ በኩል ማትያስ ከመርፌው ሌላ የሚዋጥ ክኒንም ነበረው። ክኒኑ ጉበት ላይ ክፉ ነው፤ በሚወስዱት ሰዎች ጉበት ላይ ዕጢ የታየበት ጊዜ አለ።

«ታዲያ እርሱን የትኛው ነው የገደለው?»

«ሁለቱም አንድ ጉበት ላይ ነበሩ። ዕጢው ላይ የማን እንደሆነ አልተጻፈም።»

ሁለት ጊዜ ደግሜ ጠየቅኩት። ሁለት ጊዜ ያንኑ መለሰ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና እርሱ በተራው ጠየቀኝ።

«መርፌ ከሌላ ሰው ጋር ይጋራ ነበር?»

ደብተሬን ዘጋሁ።

«ማን ገደለው የሚለውን ልነግርህ አልችልም» አለ። «የተጋራ ሰው ካለ ግን ለእርሱ ላደርግለት የምችለው ነገር አለ። ቫይረሱ በመርፌ ይተላለፋል። ከባል ወደ ሚስት፣ ከእናት ወደሚወለደው ልጅም ይተላለፋል።»

ሸምሱ፣ ከመቃብር ስንመለስ መኪናዬ ውስጥ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «አንድ ሲሪንጅ ነበር የምንጠቀመው» አልከኝ። ለምን ስልህ፣ ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል አጠገብ ያለው ፋርማሲ ካውንተር ላይ ትግስት አለች አልከኝ። ትግስት ከእትዬ ሸዋዓለም ጋር በአንድ ጉባኤ ነው የምታመልከው፤ ሲሪንጅ ስትገዙ ካየች እሑድ እናቱ ይሰማሉ ብላችሁ ፈራችሁ። ስለዚህ አንዱን በሻይ ማንቆርቆሪያ ውኃ እያጠባችሁ ተጋራችሁት። ኧረ ለመሆኑ ካልጋሪ ውስጥ ስንት ፋርማሲ አለ? ኦኮቶክስ ድረስ ነድታችሁ ብትገዙ ማን ያውቃችኋል? ሁለት መቶ ኪሎ ከመሬት የሚያነሱ ሁለት ወንዶች የአንዲት ልጅን ዓይን ፈሩ።

የእኔ ፍርሃትም ከእናንተ አይሻልም። አሁን የምነግርህን ከእትዬ ሸዋዓለም በቀር ለማንም አልነገርኩም።

ባለፈው ዓመት ፌብሩዋሪ ማትያስ ቀኝ ጎኑን ሲያመው እናቱ ብቻህን አትሄድም አሉ። መኪናው የእኔ ነው፤ ለእርሳቸው የማስተረጉመውም እኔ ነኝ፤ ሦስታችንም ገባን። ማትያስ አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ እትዬ ሸዋዓለም ወንበር ላይ፣ እኔ አጠገባቸው። ሐኪሙ ክንዱንና ትከሻውን አየና «ስቴሮይድ ትወስዳለህ?» ብሎ ጠየቀው። ማትያስ እንግሊዝኛውን ከእኔ በላይ ያውቃል። ግን ወደ እናቱ ተመለከተ።

«ምን አለው?» አሉኝ እትዬ ሸዋዓለም።

«ቫይታሚን ትወስዳለህ ወይ ብሎት ነው» አልኳቸው።

ማትያስ ሰማኝ። ሐኪሙን ቀና ብሎ አየና «ኖ» አለው፤ «ቫይታሚን ብቻ።» ሐኪሙ ጻፈው። የጨጓራ መድኃኒት አዞለት ወጣን። መኪናው ውስጥ ማትያስ በመስተዋቱ አየኝና «ታንክ ዩ፣ ጋሼ» አለኝ። እኔም ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

አውቅ ነበር፣ ሸምሱ። የክፍለ ሀገሩን የክብደት ማንሳት ውድድር ባሸነፈ ጊዜ ጋዜጣችን ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በአንድ ዓመት ትከሻው እጥፍ ሲሆን «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ሥራዬ ነበር። አልጠየቅኩም። መልሱን ብሰማ ዜናው ይበላሽብኝ ነበር። ለሐኪሙ እውነቱን ማትያስ ራሱ የነገረው ሴፕቴምበር ላይ ነው፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ሲተኛ። በመካከሉ ሰባት ወር አለፈ።

ማክሰኞ ዕለት ሐኪሙን በመጨረሻ የጠየቅኩት ይህን ነው፤ ያን ዕለት ብታውቅ ኖሮስ? እንዲህ መለሰልኝ። «ጉበቱን በአልትራሳውንድ እንዲያዩት እልከው ነበር። ምናልባት ዕጢው ያኔ ትንሽ ሆኖ በቀዶ ጥገና ይወጣ ነበር። ምናልባት ደግሞ ያኔም ጊዜው አልፎ ነበር።»

ደብተሬ ላይ ሁለት «ምናልባት» አለ። ሁለቱም የእኔ ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር እኖራለሁ። ባንተ አፈራረድ እኔም ገዳይ ነኝ። ታዲያ እኔም ፎርት ማክመሪ ልምጣ? ትርፍ አልጋ አላችሁ?

ዓርብ ዕለት እትዬ ሸዋዓለም ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። የማትያስን ልብስ ለምጽዋት እያጣጠፉ ነበር፤ ያን ሁሉ ሰፊ ቲሸርት።

«እትዬ ሸዋዓለም፣ ያን ቀን ሐኪሙ የጠየቀው ስለ ቫይታሚን አልነበረም።»

እጃቸው አላቆመም። «ምን ነበር ታዲያ?»

ነገርኳቸው። አንዱን ቲሸርት ሦስት ጊዜ ዘርግተው ሦስት ጊዜ አጠፉት።

«እኔ እንዳላፍር ብለህ ነው?»

«አዎ።»

«ሳላፍር ልጄን ቀበርኩ» አሉ።

የሐኪሙንም ጥያቄ፣ መርፌ የተጋራ ሰው ነበር ወይ ያለውን፣ ነገርኳቸው። ያንተን ስም አልጠራሁም፤ ምስጢርህን አላወጣሁም። እርሳቸው ግን ልብሱን አስቀመጡና ቀና አሉ።

«የሸምሱ ሚስት መቼ ነው የምትወልደው?»

«ሜይ አጋማሽ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ተቀምጠህ ምን ታደርጋለህ? ልጁን አምጣው!»

«ስልክ አያነሳልኝም።»

«ጻፍለታ። ሥራህ አይደል እንዴ?» ከዚያ ጨመሩ፤ «ይቅር ብለውሃል ብለህ እንዳትሸነግለው። የምጠይቀው አለኝ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው የምጠይቀው። መጀመሪያ ግን ደሙን ይስጥ።»

እንግዲህ የምጽፍልህ ታዝዤ ነው። ነጃት በእርግዝናዋ መጀመሪያ ተመርምራ ነጻ ተብላለች፤ ሐኪሙ ግን ያ ምርመራ ከዚያ ወዲህ ያለውን አያሳይም ብሎኛል። አንተ ከሌለብህ ሁላችንም እናርፋለን። ካለብህ እርሷ እንደገና ትታያለች። እርሷም ካለባት ሕፃኑ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ የሚሰጠው መርፌ አለ፤ በአብዛኛው ያድናል። በሰዓታት ውስጥ ነው ያልኩህ። አንተ ራስህን ቀጥተህ እስክትጨርስ አይጠብቅም። ማትያስን ማን ገደለው የሚለውን ጥያቄ እስክንሞት ይዘነው እንዞር ይሆናል፤ መልስ የለውም። ይህኛው መልስ አለው።

ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ሐሙስ ኤፕሪል 17፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፣ እዚያው ክሊኒክ። ረቡዕ ተሳፈር፤ ኤድመንተን ላይ አውቶቡስ ትቀይራለህ፤ ጣቢያው ላይ እጠብቅሃለሁ። ለነጃት እስካሁን አልነገርኳትም፤ መንገር ያንተ ነው። እስከ ማክሰኞ 15 ካልደወልክላት ግን እኔ እነግራታለሁ። ይህን ማስፈራሪያ ነው ካልክ፣ አዎ፣ ነው።

እትዬ ሸዋዓለም አብሬ እገባለሁ ብለዋል። ብቻህን አትሄድም። ሐኪሙ ማትያስን የጠየቀውን አንተንም ይጠይቅሃል፤ በገዛ አፍህ ትመልሳለህ። እርሳቸው ወደ እኔ ዞረው «ምን አለው?» ይሉኛል። ያን ጊዜ የተባለውን፣ አንድ ቃል ሳላጎድል፣ እነግራቸዋለሁ።

ረቡዕ ጣቢያው ላይ የሚጠብቅህ፣
ጉልላት