ለቆዳ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ስለ አረንጓዴዎቹ በርሜሎች የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ጓድ ሰብስቤ አብተው
የቆዳ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ
ናዝሬት

ክቡር ጓድ ሆይ፣

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከቢሮዎ በር የማይጠፋው ዘበኛዎም በፍጹም ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ፤ ጤና ከፋብሪካዎ በላይ እንጂ በታች ባለው ሰፈር እንደልብ ስለማይገኝ፣ ምኞቴን እንደ ቀላል ነገር አይቁጠሩብኝ። እኔ በናዝሬት የባዮሎጂ መምህርት የነበርኩትና ዛሬ በእርስዎ በጎ ፈቃድ ቡልቡላ የማስተምረው ዘመናይ ሐዲስ ነኝ። ምስጋናን በጆሮ ማንሾካሾክ ነውር ስለሆነ፣ ይህን በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ሁሉም እንዲያነበው ለጥፌዋለሁ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ወይዘሮ አማረች ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የአቶ መርዳሳ ባለቤት ከፋብሪካዎ በሚወርደው ጅረት ልብስ ሲያጥቡ ኖረው፣ ጣቶቻቸው ቆስለው ሊጥ ማቡካት ሲያቅታቸው፣ እኔው ይዣቸው ቢሮዎ መጣሁ። እርስዎም ከጠረጴዛው ማዶ እጃቸውን ተመልክተው «እናቴ፣ ይህ ቆዳ የምናለፋበት ውሃ ነው፤ ቆዳ የሚያለሰልስ ውሃ እንዴት ቆዳ ይጎዳል?» በማለት አስተማሩን። ወይዘሮ አማረችም «የእናንተ ቆዳ ባለቤቱ ሞቷል ጌታዬ፤ እኔ ግን ገና ውስጡ አለሁ» አሉ። ይህን ሰምተው ባለመቆጣትዎ ትዕግስትዎን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፣ አሮጌ በርሜሎችዎን ስለሰጡን አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት ቆዳ የሚለፋበት ክሮም የተባለ ከባድ ብረት ከውሃው ጋር ሟሙቶ ይወርዳል። ከሶደሬ ፍል ውሃ ዳር በመጽሐፍ ዋቅላሚ፣ በሰፈር አረንጓዴ አተላ የሚባለውን፣ ውሃ ላይ የሚበቅለውን ልምላሜ ሰብስቤ በትምህርት ቤቱ ገንዳ አራባሁ፤ ከዚያም አድርቄ፣ ባሕርዩ ተለውጦ ብረቱን አጥብቆ እንዲይዝ በቀጭን አሲድ አጥቤ በኖራ ውሃ ዘፈዘፍኩት። የፋብሪካዎ ኬሚስት አብዱናሲር ከፋብሪካው ወደ ጅረቱ የሚፈስሰውን የቆሻሻ ቦይ ውሃ በዚህ ዋቅላሚ አሳልፎ ቢመረምር፣ ክሮሙ ከሞላ ጎደል ተይዞ ቀረ። ውጤቱን ሲነግርዎ «አተላ በአተላ ይጠራል እንዴ?» ብለው ከሳቁ በኋላ በርሜሎቹን ፈቀዱልን፤ ዋቅላሚውን ሞልተን ቦዩ አፍ ላይ ደረደርናቸው።

በዚያ በጋ የወይዘሮ አማረች ቁስል ደረቀ። አንድ እሑድ በእጃቸው ያቦኩትን ዳቦ ይዘው ቤቴ መጡና ጣቶቻቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። እኔም ዳቦውን ቆረስኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ እንግዳ አቀባበልዎ። ከወዳጅ አገር የልዑካን ቡድን ሊጎበኘን መሆኑ ሲሰማ፣ በርሜሎቹ ለዓይን አስቀያሚ ናቸው ብለው እንዲነሱ አዘዙ። አብዱናሲር «ጓድ፣ ዋቅላሚው የበጋውን ብረት ሁሉ ተሸክሟል፤ ለብቻው አጥበን ክሮሙን ለፋብሪካው እንመልስ እንጂ ወንዝ አይጣል» ቢልዎ፣ «ከወንዝ የመጣ ወደ ወንዝ ይመለስ» ሲሉ ፈረዱ። በርሜሎቹ ጅረቱ ውስጥ ተገለበጡ፤ ቦዩም እንዲያበራ ብለው በአሲድ ስላሳጠቡትና ብረት የያዘን ዋቅላሚ አሲድ ስለሚያስለቅቀው፣ አሲዱ ጅረቱ ውስጥ ሲደርስበት ዋቅላሚው ጨብጦት የነበረውን ሁሉ ለቀቀው። ከታች የአቶ መርዳሳ ሁለት በሬዎች ከዚያ ጠጡ፤ ሁለቱም ሞቱ። የእርሻ ወቅት ደርሶ ነበር። አቶ መርዳሳ ቀንበሩን ግድግዳው ላይ እየሰቀሉ «ልጄ፣ ስትይዥልን የከረምሽውን በአንድ ቀን መለሱልን» አሉኝ። የበሬዎቹንም ቆዳ ለፋብሪካዎ አልሸጡም፤ ከነቆዳቸው ቀበሯቸው። ለዚህ የምርት ጉድለት ይቅርታ እንዲያደርጉላቸው በትሕትና እለምናለሁ።

ከዚያ በኋላ የተደረገልኝ ውለታ ብዙ ስለሆነ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። በስብሰባ ላይ «በሬ የገደለች የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ብለው ሲከሱኝ አቶ መርዳሳ ተነስተው «በሬዎቹ የእኔ ናቸው፤ ማን እንደገደላቸውም እኔ አውቃለሁ» አሉ፤ እርስዎ ግን ጊዜው መሽቷል ብለው ስብሰባውን ዘጉ። አብዱናሲር ከላቦራቶሪ ወደ መጋዘን ወርዶ ቆዳ እንዲቆልል ተደረገ፤ እኔም ወደዚህ ተዛወርኩ። ስለ ዋቅላሚ የምትጨነቅን ሴት ለመቅጣት ውሃው በዚሁ ዋቅላሚ አረንጓዴ ከሆነው ከአብጃታ ሐይቅ ዳር መመደብ ብዙ ባለሥልጣን የማያስበው ደግነት ነው። አሁን ከሐይቁ ሰብስቤ፣ አድርቄና አዘጋጅቼ ወደ ናዝሬት በሚያልፍ መኪና ሁሉ እልካለሁ፤ ገበሬዎቹ በራሳቸው መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ጅረቱን በዋቅላሚው ውስጥ ያሳልፋሉ፤ አብዱናሲርም በዕረፍቱ ቀን ሄዶ ውሃውን ይመረምርላቸዋል። ብረቱን የያዘውንም ዋቅላሚ እያወጡ ከብት በማይደርስበት ያኖራሉ። ይህንንም ለማስነሳት ካሰቡ የማኅበሩን ሊቀመንበር ማስፈቀድ ነው፤ አቶ መርዳሳ በሰው በሬ እያረሱ ስለሆነ ማሳው ላይ ያገኟቸዋል።

ከቦይዎ በታች የሚኖር ሁሉ እንደሚያከብርዎ እንዲሁ የማከብርዎ፣ ለሹመትዎ ዕድገት፣ በተለይም ከጅረት ራቅ ወዳለ ቦታ እንዲሆን ዘወትር የምጸልይ፣

ዘመናይ ሐዲስ
ቡልቡላ፣ 1979 ዓ.ም.

የተረሳ ነገር፦ ለልዑካኑ ምሳ የቀረበው ሰላጣ ከጅረቱ ዳር ካለ ጓሮ የተገዛ፣ በርሜሎቹ ከተገለበጡ በኋላ በዚያው ውሃ የጠጣ ነበር። እንግዶቹ ቀመስ አድርገው ሲተዉት እርስዎ ለአገር ምርት ክብር ብለው ደጋግመው እንዳነሱ በማዕዱ የነበሩ ሰዎች ነግረውኛል። ድንገት ሐኪም ዘንድ ሄደው ምን እንደበሉ ቢጠይቅዎ፣ እባክዎ ለእሱ እንኳ እውነቱን ይንገሩት።