መጥተህ የምትወስደው ቡችላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ይድረስ ለባለቤቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ብደውል ብደውል ስልኩን አላነሳህልኝም። እንግዲህ እጄ ጽሕፈት ባይወድም ወረቀት ያዝኩ።

ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው የዓይኑን ሞራ ገፈፉለት። ፋሻው የተፈታለት ቀን ሚስቱን ትክ ብሎ አያትና «አንቺ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?» አላት። እሷስ መች የዋዛ ናት፣ «አንተ ሳታይ» አለችው። ትልቋ ልጃቸው በሰላም ተገላግላለች። ሕፃኗ አያቷን ቁርጥ ናት ይላሉ፤ እኔ ግን ያየሁባት አፍንጫውን ብቻ ነው፣ ምስኪን።

ይህን ሁሉ የማወራህ ወደ ዋናው ነገር መግባት ፈርቼ ነው። ያንን አዲስ ዓይን ይዞ ሊጠይቀኝ የመጣ ዕለት ነው ቡችላህን አንስቶ፣ ሆዱን ገልብጦ «ይኼ ምንድነው የወጣበት?» ያለኝ። እኔ አላየሁም ነበር።

ሆዱ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ቀያይ እብጠቶች፣ አንዳንዱ መግል የቋጠረ። በዓይኑ ዙሪያና በፊት እግሮቹ ላይ ጠጉሩ ሳስቷል። ጫማ ሰፊው «ቁንጫ ነው» አለ። ሚስቱ «ጭርት ነው፣ እጅሽን ታጠቢ» አለች። እኔ ምን አውቃለሁ። የማውቀው አንሶላ ማጠብ ነው።

እንግዲህ ስማኝ፣ ሳትጨርሰው አትቅደደው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስሠራ በረኪና ያላስለቀቀው ነገር አላየሁም። አንተም «ይቺ ሴት ብታገኛት ጨረቃንም ትዘፈዝፋታለች» እያልክ ትስቅብኝ አልነበር? በውኃ አቅጥኜ በሰማያዊው ሳፋ አጠብኩት። ሲጮህ ውኃ ጠልቶ ነው ብዬ አንገቱን ይዤ አሸሁት። አንድ ቀን ቢሆን ደግ ነበር። ሦስት ቀን አከታተልኩበት።

በአራተኛው ቀን ጀርባውን ስዳብሰው ጠጉሩ እጄ ላይ ቀረ። አሁን ከአንገቱ እስከ ጭራው መላጣ ነው። ቆዳው ተልጦ ውኃ ይይዛል፣ ይሸታል። ያካል፣ ይንቀጠቀጣል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ወተቱን አሽትቶ ይተወዋል።

ዛሬ በፎጣ ጠቅልዬ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ ግን ትዕግሥተኛ። ቆዳውን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ አየና «እትዬ፣ ቡችላ ላይ እንዲህ ያለው ከብዙ ነገር ይመጣል፤ ከቁንጫም፣ ከጭርትም፣ እርጥብ ላይ ከመተኛትም። የዚህ ግን በዓይን የማትታይ ተባይ ናት፣ ሲጠባ ከእናቱ የተጋባችበት። ብዙዎቹን ሲጠነክሩ በራሷ ትለቃቸዋለች። ይህን ያህል መቁሰል አልነበረበትም። በምን ነው ያጠቡት?» አለኝ።

«በሳሙና» አልኩት።

እጄ በረኪና እየሸተተ ዋሸሁ። አውቶቡስ ፌርማታ ደርሼ ቡችላው ደረቴ ላይ ሲያቃስት ጊዜ ተመልሼ እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እስከ ነገ ከቆየ ቤት መጥቼ አየዋለሁ» ብቻ አለ።

እስከ ነገ ከቆየ።

«ከእኔና ከውሻዋ ምረጥ» ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ሁለታችንንም ትተህ ሄድክ። ስድስት ወር ሆነ። እሷም ይህን አንድ ቡችላ ትታልኝ መኪና ገጫት፣ አንተም ያንን ስትሰማ አንድ መስመር ጻፍክልኝ፤ «ቡችላው ሲጠና መጥቼ እወስደዋለሁ» የምትል። ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርህም። ወረቀቱ «መጥቼ» የምትለው ላይ ሊበሳ ደርሷል።

ይኼ ቡችላ ካልተረፈ ምን ብለህ ትመጣለህ?

በቃ፣ ሌላ አልጽፍም። ፈጣሪ ሳንባህን ከዚያ ከምትሠራበት የድንጋይ መፍጫ አቧራ ይጠብቅልህ። ወገብህን ሙቅ ነገር አስይዘው። የምትውልበት ቦታ ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ።

የቤትህ ሰው

ረቡዕ ጠዋት። ፖስታውን ሳላሽገው ሐኪሙ መጣ። ቡችላው አለ፣ ማንኪያ ወተት ቀምሷል። «ገና ነው፣ ተስፋ አልሰጥዎትም» አለኝ። መድኃኒቱ በየሳምንቱ ነው፣ ለሁለት ወር። «አንድ ሰው አይችለውም፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይቀባዋል። እስኪድን ድረስ ደግሞ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይበል» አለ። ጫማ ሰፊውም መጥቶ ነበር፤ «እኔ እይዝልሻለሁ» ሲለኝ ሐኪሙ ዓይኑን አየና «አባባ፣ እርስዎ ገና ማጎንበስም የለብዎትም» አለው። ከዚያ ሊወጣ ሲል በሩ ሥር የዝናብ ቦት ጫማህን አየ። ትናንት ነው የወለወልኩት።

«ባለቤትዎ የሉም እንዴ?» አለኝ።

«መንገድ ላይ ነው» አልኩት።