ተገፎ የሚመጣው ዓሣ

ለተከበሩ እትዬ የሺመቤት፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ከአሜሪካ፣ ከሬይኖልድስበርግ እኔና ልጆቹ በናፍቆት እጅ እንነሳለን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ አድገዋል፤ በአማርኛ ስጠራቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱልኝ።

ወንድምዎ አንድርያስም ደህና ነው። እንደ ድሮው ማታ ማታ እራቱን ቋጥሬለት ወደ መጋዘን ሥራው ይወጣል። ዘንድሮ ደግሞ ጠዋት ሲመለስ ዓሣ ይዞልን ይመጣል። «የሥራ ጓደኛዬ ነው የሚሰጠኝ» ይላል። ራሱ ተቆርጦ፣ ቆዳው ተገፎ ስለሚመጣ ምን ዓይነት እንደሆነ አይለይም። ባሕር ዳር እናንተ ቤት፣ ቅርፊት የለውም ተብሎ አምባዛ የነካው ድስት ሳይቀር ይጣል እንደነበር ያጫወተኝ ራሱ አንድርያስ ነው። እኔም ሳልጠይቅ እጠብሰዋለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤታችን ከሊፋ ደጅ ላይ አገኘኝና፣ «ባልሽ እኮ ጉድ ነው! እኔን ብርዱ ሲያባርረኝ እሱ ሐይቁ ላይ በረዶውን በስቶ ቁጭ ብሎ ያድራል። መንጠቆውን እስከ ጭቃው ድረስ ሰዶ እነዚያን ጢማም አምባዛዎች ያወጣቸዋል» አለኝ።

«አዎ፣ ነግሮኛል» ብዬው ገባሁ። ፊቴ ግን እንደ እሳት ነደደ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንድርያስ እንዴት ነው ሲሉኝ፣ «ኦቨርታይም በዝቶበታል» አልኩ፤ ያውም ከቅዳሴ እንደወጣን።

ትናንት እራቱን ስቋጥር ከሥሩ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ከተትኩለት። መጋዘኑ ሂተር ስላለው አይበርድም። ካልሲውን አየና ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ይዞት ወጣ።

እትዬ፣ ሲደውሉለት ጤናውን ብቻ ይጠይቁት፤ ስለ ሥራው አያንሱበት። ጸሎትዎ ከደጃችን አይራቅ።

ብሩክታዊት