ዋስ ያጣ ስልክ ሻጭ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16 ቀን 2010 ዓ.ም.

ዛሬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አምና ለእናቴ ያገለገለ ስልክ በአዲስ ካርቶን አሽጎ የሸጠላት የአራዳው ነጋዴ እጄ ገባ። ልትመልስለት ስትሄድ «አያያዙን ስለማታውቂ ነው» ብሎ በሰው ፊት ስቆባታል።

ድብ ባሕር ገጠር የሚኖሩት ዘመዳችን አያ ይርጋ የመጀመሪያ ተች ስልካቸውን ሊገዙ መጡ። «ልጄ፣ እንዳያታልሉኝ» አሉኝ። ዋጋው የማይከብድ፣ ባትሪው የሚቆይ፣ ጽሑፉ ጎላ ያለ ይበቃዎታል አልኳቸው። ከዚያ ሆን ብዬ ወደዚያ ሰውዬ ሱቅ ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ «በሬ ሲገዙ የሚጠይቁትን ይጠይቁት» አልኳቸው።

አያም ሱቁ በገበያተኛ እንደተሞላ «ዋስህ ማነው? ቢበላሽ ማንን ልያዝ? በሬ እንኳ ያለ ዋስ አልገዛም» አሉት። ሰውዬው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ጎረቤት ባለሱቆችን ቢጠራ አንዱም አልመጣለትም። ቢጨንቀው ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ አንቺ ዋስ ሁኚኝ» አለ።

«አምና ያገለገለ ስልክ አዲስ ነው ብለህ የሸጥክላት እናቴ ትሁንህ!» አልኩት።

ያን ጊዜ የማን ልጅ እንደሆንኩ ገባው። ገበያተኛው አንድ በአንድ ወጣ።

አያ ከማዶው ሱቅ፣ ጎረቤቱ ለሻጩ ዋስ ሆኖለት ገዙ። ሁለት ጎረቤቶቻቸውም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ስልክ ሊገዙ ይመጣሉ አሉ። «ዋስህ ማነው?» እንዲሉት፣ መጀመሪያ የማስገባቸው እዚያው የሰውዬው ሱቅ ነው።