ቀሚስ ሲፈልጉ የኖሩት የጋሽ አዝራር የሕይወት ታሪክ

ጋሽ አዝራር እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ታላቅ ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። እሳቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ለሁለት ልጅ አቅም ስላልነበረ፣ ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ከአራተኛ ወጥቶ የካውያ ከሰል ሲያራግብ አደገ። ለማማረር አይደለም፤ የሆነው ስለሆነ ነው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው ያገለገሉ ልብሶች መሸጫ ከፈቱ። በሩ ላይ እሳቸው፣ ከመስታወቱ ጀርባ የሚተኩሰው ታናሽ ወንድማቸው። የወለቀ አዝራር ሳይተኩ ልብስ ስለማይሸጡ ቅጽል ስማቸው ከዚያ ወጣ። በሠላሳ ዓመታቸው ከአንዲት ነርስ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ባለቤታቸው ሲያርፉ ልጅቷ የጠየቀችው የእናቷን አረንጓዴ ቀሚስ ብቻ ነው። ጋሽ አዝራር የጎደለ አዝራሩን ሊተኩላት ወደ ሱቅ አምጥተው መሬት ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ለጉዳይ እንደወጡ ከአዲሱ ቦንዳ ጋር ተቀላቅሎ ተተኮሰ፣ ተሰቀለ፣ ከምሳ በፊት ተሸጠ። ይህን ያደረገው ታናሽ ወንድማቸው ነው። መሬት ያለውን ሁሉ ስቀል ተብሎ ሰቀለ። ጋሽ አዝራር ግን ለልጃቸው "እኔ ነኝ የሸጥኩት" አሉ። ጥፋት እንኳ ለታናሽ አይገባም ተብሎ ነው መሰል። ልጅቷም "አባዬ፣ እናቴን ሸጥካት" ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ የለበሰች ሴት ባለፈች ቁጥር ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ እየወጡ "እመቤቴ፣ ይቅርታ፣ ጫፉን ልየው" ይሉ ነበር። በጥፊ የተመቱበትም ቀን አለ።

ይህን የሰማ ፊልም ሠሪ ስለ ሱቁ አጭር አስቂኝ ፊልም ልሥራ ብሎ መጣ። ታናሽ ወንድማቸው "ጋሼ፣ መሳቂያ ሊያደርግዎት ነው" ቢላቸው፣ "እየሳቁም ቢሆን ይስሙ። ቀሚሱን የገዛችው ሴት ታየው ይሆናል" አሉ። ፊልሙ ላይ በየሳምንቱ አንድ ባርኔጣ ሞክራ የማትገዛው ጡረተኛ መምህርትና ከልብስ ማሳያዋ አሻንጉሊት ጋር የሚጣላው ዘበኛ አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ የተቀረጸው ታናሽ ወንድማቸው የለም፤ ካውያውና እጁ ብቻ ይታያሉ።

ፊልሙ አዳራሽ ሲታይ፣ ጋሽ አዝራር ስለ ቀሚሱ የሚናገሩበት ቦታ ላይ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሳቸው በር በሩን ያዩ ነበር። ቀሚሱን ያመጣ የለም። የመጡት አረንጓዴ ጨርቅ እያውለበለቡ "ጋሽ አዝራር፣ ይቺ ናት?" የሚሉ ናቸው።

ባለፈው ዓመት ስኳሩ ዓይናቸውን ያዘው። ቀለም መለየት ሲያቅታቸው መንገዱን የሚያይላቸው ታናሽ ወንድማቸው ሆነ። አንድ ቀን "እውነቱን ልንገራት" ቢላቸው፣ "ተው። አባት አጥታለች፣ አጎት አታሳጣት" አሉት። ለአጎቷ አንድ ቀን እንኳ ደውላለት አታውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐረፉ። አንዲት ልጅና አንድ ወንድም ቀርተዋል። ልጅቷ ለቀብሩ ትምጣ አትምጣ ይህ ሲጻፍ አልታወቀም። ከመጣች፣ ቀሚሱን የሸጠው አጎቷ መሆኑን ከዚህ ትስማ። የጋሽ አዝራርን ነፍስ አምላክ ማንም በማይስቅበት ቦታ ያሳርፍልን።